ዱዳው የሰማው

ደብዳቤው አጭር ነበር። ኡሙሃኒን የወጋት ግን አጭርነቱ ሳይሆን የመጀመሪያው ቃሉ ነው።

«እህቴ ኡሙሃኒ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ወደ ደብረ ታቦር ለመዛወር አመልክቼ ስለተፈቀደልኝ ነገ ጠዋት በአላማጣው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ስለ ደግነትሽ ሁሉ አመሰግናለሁ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሙላው።»

እህቴ። አምስት ወር ሙሉ «ኡሚ» እያለ ሲጠራት የከረመ ሰው፣ ሦስት ሳምንት ዓይኑን ነስቷት ሰንብቶ፣ በመጨረሻው ቀን እህቴ አላት።

ደብዳቤውን ያመጣችላት መምህርት ከፈለች የሱቁን መቃን ተደግፋ ፊቷን ታያት ነበር። «መልስ ካለሽ ላደርስልሽ እችላለሁ» አለቻት።

«ለእህትነት ምን መልስ አለው?» አለች ኡሙሃኒ። ወረቀቱን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው።

ኡሙሃኒ አሊ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቆቦ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከጋሽ አላምረው ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ ትጠግናለች። ሴት ልጅ የብየዳ ካውያ ይዛ ሬዲዮ ላይ ስታጎነብስ መንገደኛው ቆሞ ያያታል፤ የቆቦ ሰው ግን ለምዷታል። አባቷ አሊ፣ አስመራ ባለ አንድ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የገባው ሀብት በጥጥ የተጠቀለሉ አራት አሮጌ ማይክሮፎኖች ነበሩ። ስቱዲዮው አዲስ ሲገዛ የጣላቸው ናቸው። በኋላ ዓይኑ በስኳር በሽታ ሲደክም የልጁ ጣቶች ጣቶቹ ሆኑ። እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከአስመራ በወታደር በታጀበ ቅፍለት የሚመላለሰው ሹፌሩ በድረዲን ከአሮጌ ብረት ነጋዴዎች እየለቀመ ሦስት ጨመረላት። ሰባት ሆኑ።

እነዚህ ማይክሮፎኖች እንደዛሬዎቹ አይደሉም። ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ጣት የምታህል የብርጭቆ አምፖል አለች፤ እስክትግል መታገሥ ግድ ነው። ራሳቸው ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ወርቅ የተነፋበት ሽፋን ተወጥሯል። ሰው ሲናገር የሚርገበገበው እሱ ነው። አቧራ ሲያርፍበት ይንጫጫል፤ ትንፋሽ ሲያርሰው ይደነቁራል። ኡሙሃኒ አፍና አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና፣ በተጣራ ውሃ በራሰ ለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር ታጸዳዋለች። አባቷ «የሕፃን ዓይን እንደምታጥቢ አድርገሽ እጠቢው» ይላት ነበር።

ከሰባቱ አንዱን አባቷ «ዱዳው» ብሎታል። ከሁሉ ይልቅ ጆሮ ያለው እሱ ነው፤ ግን አምፖሏ ተቃጥላ ምትክ ስላልተገኘላት ዓመታት ሙሉ ሳይናገር ተቀምጧል።

ሙላውን ወደዚህ ሱቅ ያመጣው የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ መበላሸት ነው። ጥቅምት ነበር። የደብረ ታቦር ቄስ ልጅ፣ የአማርኛ መምህር፣ ረጅምና ቀስ ብሎ ተናጋሪ። ሬዲዮው እስኪሠራ ተቀመጠ፤ ሬዲዮው ከተሠራ በኋላም መቀመጡን አልተወም። ስለ ዱዳው ስትነግረው ምንም አላለም። የካቲት ላይ ለስብሰባ ደሴ ወርዶ ሲመለስ ግን እጁን ጨብጦ ገባና ዘረጋላት። ከአንድ ሙት ሬዲዮ ሆድ ያወጣት አምፖል በመሐረብ ተጠቅልላ መዳፉ ላይ ነበረች። ሻንጣውን ስላላመነው ከደሴ ቆቦ ድረስ በእጁ ይዟት ነው የመጣው። ኡሙሃኒ ስትቀበለው ብርጭቆዋ ገና ሳትበራ ሞቃ ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ መሬት አዩ። ፍቅር የሚባለው ነገር እንግዲህ ያን ቀን በሩን አልፎ ገባ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ዱዳው ተናገረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከበደ ለሚያዝያ ሃያ ሦስት የላብ አደሮች ቀን ንግግር የሚቀዳበት ደህና ማይክሮፎን ፈልጎ ቴፕና ሦስት ካሴት ሰጥቷት ነበር። ማምሻው ላይ አምፖሏ እስክትግል ጠበቁና ሙላው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ቆጠረ። የጆሮ ማዳመጫውን ያደረገችው ኡሙሃኒ ድምፁ ከውጭ ሳይሆን ከራሷ ውስጥ የመጣ መሰላት፤ ደንግጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያኔ እናቷ ከጓሮ ጠራቻት። አምፖሏ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ ለማወቅ ስለፈለገች ቴፑን እንደሚቀዳ ትታው ወጣች። ስትመለስ ሙላው የለም።

በማግሥቱም አልመጣም። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በሱቋ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ እሱ ግን በመስጊዱ ጓሮ መዞር ጀመረ። ሁለት ቀን ከሩቅ አይታዋለች። ሰው አንዲትን ሴት ላለማየት ያን ሁሉ መንገድ ከዞረ፣ ምን ያህል ንቋት ነው ስትል አሰበች። ካሴቱን መደርደሪያው ላይ ወረወረችው፤ ልታዳምጠው አንጀቷ እምቢ አላት።

መምህርት ከፈለች ደብዳቤውን ሰጥታት ከሄደች ብዙም ሳይቆይ ጓድ ከበደ በበሩ አለፈ። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቴፑንና ካሴቶቹን እወስዳለሁ» አላት። «አሰናድተሽ ጠብቂኝ።»

ሰዓቷን አየች። አሥር ተኩል። ለከተማው መብራት የሚሆን ነዳጅ ከጠፋ ሳምንት አልፏል፤ የባትሪ ድንጋይ ገበያ ላይ የለም። መብራት የምታገኘው ከጋሽ አላምረው ሞተር በተሳበችው ሽቦ ነው። እሱም ቢሆን የበልጉ ዝናብ ቀርቶ እህል ከሰው ቤት ስለራቀ፣ በቀን አንድ ሰዓት ቢፈጭ ነው። ደግነቱ በዚያች ሰዓት ወፍጮው መጮህ ጀመረ። ካሴቶቹን ሳትፈትሽ መስጠት ሙያዋ አይፈቅድላትም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችና ቁልፉን ተጫነች።

መጀመሪያ የገዛ ድምፅዋን ሰማች። «እማዬ እየጠራችኝ ነው፤ መጣሁ።» ኮቴዋ ራቀ። ከዚያ የሙላው ትንፋሽ ብቻ። ቀጥሎ በሩ ሲንቋቋና የአጎቷ የሙሀመድሰይድ ድምፅ ሲገባ ሰማች።

«ደህና አመሸህ፣ መምህር?»

«ደህና አመሹ ጋሼ። ኡሙሃኒ ወደ ቤት ገብታለች።»

«አውቃለሁ፤ ያስጠራኋት እኔ ነኝ። የመጣሁት አንተን ብዬ ነው።» ወንበር ተሳበ። «ቀበሌው መዝጋቢ ሲያደርግህ፣ ልጄን ሰላሁዲንን በብሔራዊ ውትድርናው መዝገብ ላይ እንዴት አድርገህ እንደጻፍከው ደርሼበታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቀበሌውን ለቋል ብለህ ነው። ልጄ በዚያን ቀን እኔ ጓሮ ነበር። አሁን ቆላ ወርዶ አፋር ወዳጆቼ ዘንድ ግመል ይጠብቃል፣ አልሐምዱሊላህ። ከሱ ሌላ ልጅ የለኝም። ይህን ውለታ አላህ ይክፈልህ፤ እኔ አልችለውም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ነገር አፍ አውጥተው አይናገሩት።»

«በዱላ ሳይሆን በልመና የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ኡሙሃኒን ተዋት።»

ቴፑ ይዞራል።

«ንቄህ እንዳይመስልህ» አሉ ሙሀመድሰይድ። ድምፃቸው ሻከረ። «ወሎ ነን፤ አብረን በልተን፣ አብረን አልቅሰን ነው የኖርነው። የገዛ አክስቴ ክርስቲያን አግብታ ወልዳ ከብዳለች። ግን አሊ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ልጄን አደራ ብሎኛል። ለሕያው ሰው ይቅርታ ይባላል፤ ለሞተ ሰው ምን ይባላል? ያንተም አባት ቄስ ናቸው፤ እሳቸውስ ምን ይሉሃል? ዋጃ ላይ ለትዳር የጠየቋት ደህና ሰዎች አሉ። አንተ እዚህ እያለህ ግን እሷ ወደ ሌላ አታይም። ሂድላት፣ ልጄ። እንደገና ለምኜሃለሁ።»

ከግድግዳው ማዶ ወፍጮው ያጓራል፤ በጆሮዋ ውስጥ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረው ክፍል ጸጥ ብሏል። ዱዳው ያን ጸጥታ እንኳ ሳይቀር ይዞታል፤ የሰውየውን ምራቅ መዋጥ፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ።

«እሺ» አለ ሙላው።

ሙሀመድሰይድ መርቀውት ወጡ። በሩ ተዘጋ። ኡሙሃኒ ማዳመጫውን ልታወልቅ እጇን ስታነሳ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ለማንም ያልተነገረ።

«እሺ አልኩ እኮ» አለ ብቻውን። ትንፋሹ ተቆራረጠ። «ኡሚ… ነገ በየት በኩል ነው ትምህርት ቤት የምሄደው? ይህን በር አይቼ እንዴት ነው የማልፈው? እወድሻለሁ ሳልልሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልልሽ…»

ቀሪውን ልቅሶ በላው። ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ በሩ።

ያ የመስጊዱ ጓሮ መንገድ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ንቀት ነው ብላ የተቃጠለችበት ዙሪያ ጥምጥም እሱ ነበር። ደስታ ይሁን ቁጣ የሚሰማት አላወቀችም። ወዲያው ግን ሌላው ሐሳብ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ፈሰሰባት። የሰላሁዲን ስም፣ የአጎቷ ድምፅ፣ የሙላው መዝገብ፣ ሁሉም በቀበሌው ካሴት ላይ ነው። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከአምስት። ጓድ ከበደ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ እጁን ይዘረጋል። ካሴቱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ጠፋ ማለት አይቻልም።

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ንግግሩ ሃያ ደቂቃ ነበር። ማጥፋት የሚቻለው ሌላ ድምፅ ሲቀዳበት ብቻ ነው። ዱዳውን ወደ ወፍጮው ግድግዳ አዞረችና የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነች። ቀይዋ መብራት በራች። ካሴቱ መዞር ጀመረ፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቃል ሲሞት ታየቻት።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የወፍጮው ድምፅ መውረድ ጀመረ፤ ቀይዋ መብራትም ፈዘዘች። ያስፈጨችው ሴት ዱቄቷን ተሸክማ ስትወጣ በበሩ አየቻት። ኡሙሃኒ ሮጠች።

«ጋሽ አላምረው፣ አታጥፋው! እህል አለኝ!»

«ነገ አምጪው፣ ልጄ። ባዶውን ለማስጮህ ነዳጅ የለኝም።»

«ለዛሬ ነው የምፈልገው።»

ሽማግሌው ፊቷን አይቶ እጁን ከሞተሩ ላይ አነሳ። «እስከ መቶ እቆጥራለሁ» አለ። ቃሉን ለመጠበቅ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ።

እቤት ውስጥ ያለው እህል አንድ ብቻ ነበር። እናቷ ራቢዓ ሮቢት ላለችው ቁራሽ መሬት ለዘር ያስቀመጠችው፣ በቅል እስከ አፉ ሞልታ አመድ ነስንሳ የደበቀችው ሦስት ቁና ማሽላ። ኡሙሃኒ አላመነታችም ብል ውሸት ነው። ቅሉን አቅፋ ቆመች። ዝናብ ቢመጣ ምን ይዘራል? ካልመጣስ ምን ይበላል? ግን አጎቷ አንድ ልጅ ነው ያላቸው። ሙላውም አንድ ነው። አመዱን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ እናቷ ከጓሮ «ምንድነው እሱ?» ስትላት አልመለሰችም።

«ዘጠና አንድ» ይላል ጋሽ አላምረው። የማሽላውን ንጣት ሲያይ ግን መቁጠሩን ተወ። «የዘር ይመስላል።»

«ነው። ደቃቅ አድርገህ ፍጭልኝ። ቀስ ብለህ።»

ወፍጮው እንደገና አጓራ። ወደ ሱቋ ተመልሳ ቀይዋን መብራት እያየች ቆመች። መቀመጥ አልቻለችም። ከበር ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ በር። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። የአጎቷ ልመና ጠፋ። የሙላው «እሺ» ጠፋ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ እጇ ሳታዘው ወደ ቁልፉ ሄደ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ይህቺን ብቻ ማትረፍ። ለማንም ያልተነገረች፣ የሷ ብቻ የሆነች። ግን ስሟ አለበት፣ ድምፁ አለበት፤ ድምፁን መላው ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ካሴቱ ዞረ፤ እሷም እያየች አጣችው።

ጓድ ከበደ በሰዓቱ መጣ። የደከመው፣ ዓይኑ በአቧራ የቀላ ሰው ነው። ማዳመጫውን አድርጎ አዳመጠና ግንባሩን ቋጠረ።

«ወፍጮ ነው እኮ የሚሰማኝ።»

«በሱ ነው የፈተንኩት፣ ጓድ። ወፍጮ ችሎ የቀዳ ማይክሮፎን ንግግር አያቅተውም።»

ትንሽ አሰበ። «በበዓሉ ቀን ግን ወፍጮው ዝም እንዲል ንገሪው» አለና ካሴቶቹን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።

ማታ እናቷን ዱቄቱ ፊት ተቀምጣ አገኘቻት። ራቢዓ አልጮኸችም፤ ዱቄቱን በጣቷ ትነካለች፣ ታራግፋለች። «ዘራችንን፣ ኡሚ?» አለች።

ኡሙሃኒ አጠገቧ ተቀምጣ አፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ራቢዓ ስትሰማ ከቆየች በኋላ እጇን ከዱቄቱ አወጣች። «እኔ ነኝ የጠራሁሽ» አለች። «ለምን እንደሆነ እያወቅሁ ነው የጠራሁሽ።» ኡሙሃኒ እናቷን ይቅር ማለቷንና አለማለቷን ራሷም አላወቀችም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የአላማጣው አውቶቡስ ዋጃን አልፎ ቆቦ ሲገባ አቧራውም አብሮት ገባ። ሙላው ሻንጣውን ለረዳቱ አቀብሎ ቆሟል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከስቷል። ኡሙሃኒ በሰው መሃል ቀጥ ብላ ስትመጣ አያትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እህትህ ልትሸኝህ መጣች» አለችው።

«ኡሙሃኒ…»

ወደ አውቶቡሱ ኋላ፣ ሞተሩ ወደሚጮህበት ወሰደችው። «አጎቴ አንተን ጠየቁህ። አንተም እሺ አልክ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ነገረሽ?»

«ዱዳው። ያን ዕለት ማታ ቴፑ ይቀዳ ነበር።»

ሙላው ሰው እንዳይኖር ዙሪያውን አየ። «ካሴቱስ?» አለ በሹክሹክታ።

«ወፍጮ ሆኗል። አንድም ቃል የለበትም። ለማንም አትስጋ።»

ዓይኑን ጨፈነ፤ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ እንዳለው ዓይኑን ገለጠ። «ሁሉንም ሰማሽው? ከሄዱ በኋላ ያለውንም?»

«ሰማሁት። አጠፋሁትም።» ቀና ብላ አየችው። «በገዛ እጄ አጠፋሁት። አሁን ካንተ አፍ በቀር የትም የለም። ሙላው፣ እዚያ ለባዶ ቤት ነው የተናገርከው። እኔ ፊት አልተናገርከውም። ሂድ፤ ዝውውርህ ተፈርሟል፣ መቅረት እንደማትችል አውቃለሁ። ግን ሳትለኝ አትሂድ።»

ረዳቱ «ወልዲያ! ወልዲያ!» ይላል። ሙላው ወደ እሷ ጠጋ አለ። ሲናገር ድምፁ ከሞተሩ በላይ አልነበረም፤ እሷ ግን እያንዳንዱን ሰማችው።

«እወድሻለሁ፣ ኡሚ። በመስጊዱ ጓሮ ስዞር የከረምኩት ደጅሽን ካየሁ እግሬ ስለማያልፍ ነው። እሺ ያልኩት ላንቺ መስሎኝ ነው። ላንቺ አልነበረም፤ አንቺን ሳልጠይቅ ነው ያልኩት። ሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። አባቴንም ለምኜ፣ ሽማግሌም ይዤ። እምቢ ካልሽኝ አንቺው በይኝ።»

ልትመልስለት ስትል ከኋላዋ ጉሮሮ ተጠረገ። ሙሀመድሰይድ ነበሩ፤ በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ይዘው። የልጃቸውን ባለውለታ ያለ ስንቅ ሊሸኙት አልፈቀዱም። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ ሁለቱም አላወቁም። ፊታቸው ግን ሰምተዋል ይላል።

ኡሙሃኒ ዓይኗን አልሰበረችም። «አጎቴ፣ አባቴ አደራ ብሎ የሰጠዎት እኔን ነው። እኔ ደግሞ ምላስ አለኝ» አለች ቀስ ብላ።

አጎቷ ቆሎውን ለሙላው አቀበሉት። እጃቸው የሙላው እጅ ላይ ትንሽ ቆየ። «መንገድ ላይ ብላ» አሉት። አልመረቁም፣ አልከለከሉም።

ሙላው ተሳፈረ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እስኪርቅ አያት። የሮቢትን መንገድ ይዞ አቧራው ሲውጠው አጎቷ አጠገቧ ቆመው ነበር።

«ከቀትር በኋላ እቤት እመጣለሁ» አሉ መንገዱን እያዩ። «አንቺኑ ልጠይቅሽ።»

ኡሙሃኒ አንገቷን ነቀነቀች። ልቧ አላረፈም። ሐምሌ ሩቅ ነው፣ ሰማዩ ዳመና የለውም፣ እቤት ያለው ዱቄት ሦስት ቁና ነው። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቷን ሲበላት የነበረው ጥርጥር በቦታው አልነበረም። ጆሮዋ ውስጥ የሰማችው ቃል እንደሞቀ ነበር፤ እንዳይበርድባት ፈርታ ወደ ቤት እስክትደርስ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።